መሬቱ ምን አጠፋ

ዱሮ ነው ልጆቼ፤ አያቶቻችን ገና ጥርስ ሲያወጡ። በዚህች ቆላ፣ ከዝንጀሮ ገደል ሥር፣ አያ ሽባባው የሚባል ድሃ ሰው ነበር። አንድ በሬ እንጂ ርስት አልነበረውም። የቅድመ አያቴን የቢያድግልኝን ማሳ በእኩል፣ ምርቱን ለሁለት እየተካፈለ ያርስ ነበር።

ቢያድግልኝ የገዛ ጥላውን የሚጠረጥር ሰው ነበር። እኔም ደሙ አለብኝ፤ አልደብቃችሁም።

ማሳው ቀይ፣ የደከመ ነበር። አያ ሽባባው የብርብራ ዛፍ ተከለበት። ዳር ዳሩን አይደለም፤ መሃል መሃሉን፣ በመስመር በመስመር ተከለ። በመስመሮቹ መካከል ማሽላ ዘራ።

መንደሩ አጉረመረመ። በዚያ ዘመን ዛፍ የሚተከለው ለድንበር ነበርና መሬቱን ሊወስድ ነው አሉ። ቢያድግልኝ ሽማግሌ ሰብስቦ ከሰሰው። አያ ሽባባው ግንዱም ሥሩም የባለ መሬቱ ይሁን፣ ለእኔ ቅጠሉ ይበቃኛል ብሎ ማለ። ለቀቁት። ግን ቅጠል ብቻ የሚፈልግ ሰው ምን ቢያስብ ነው እያሉ ተበተኑ።

ክረምት ሊገባ ሲል ብርብራውን ከጉልበት በላይ ያለውን ቆረጠ። ቅጠሉን በመስመሮቹ መካከል በትኖ ከአፈሩ ጋር ገለበጠው። በየዓመቱ እንዲሁ አደረገ፤ ቆረጠ፣ በተነ፣ ገለበጠ። ማሽላው ጠቆረ፣ አገዳው ወፈረ።

መንደሩ ደግሞ አጉረመረመ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ሲጣል ዓሣ እንደሚፈጅ ማን የማያውቅ አለ? መርዝ ሊያበላን ነው አሉ። እህሉን የሚቀምስ ጠፋ። አያ ሽባባው ከአዲሱ ማሽላ ቂጣ አስጋግሮ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጦ በላ። ሦስት ቀን እያዩት በላ። ምላስህን አውጣ አሉት፤ አወጣ። በአራተኛው ቀን ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ማሳው ተመለሰ።

ሦስተኛው ጉርምርምታ ከሁሉ የከፋው ነው። ዝናብ አጠረ። የመንደሩ ማሽላ ክንድ ሳይሞላ ደረቀ፤ የአያ ሽባባው ግን ለምልሞ ቆመ። መንደሩ እንደገና አጉረመረመ። የኛን ማሳ ልምላሜ ስቦ ነው፣ ከብርብራው ሥር መተት ቀብሯል አሉ። ቢያድግልኝ አመነ፤ ማሳውን ነጠቀው። ሰውዬው ልጆቹን ይዞ ማንም ወዳልፈለገው ድንጋያማ ተዳፋት ወጣ።

ቢያድግልኝ መተቱን ፍለጋ ቆፈረ። አንድ መስመር ነቀለ፤ ጥቁር አፈርና ትል አገኘ። ሌላ ነቀለ፤ ጥቁር አፈርና ትል አገኘ። ሁሉንም ነቀለ። ከዚያ ጎርፍ መጣና ጥቁሩን አፈር ጠርጎ ወሰደው። በሦስተኛው ዓመት ማሳው እንደ ጥንቱ ቀላ፣ ቤቱም ተራበ። ሳወራው ያሳፍረኛል፤ ግን የኛው ጉድ ነው።

ሽቅብ ቢያይ ተዳፋቱ ለምልሟል። ብርብራው በመስመር ቆሟል። እየፈራ ወጣ። አያ ሽባባው ሳይጠየቅ ቤት ገባና እፍኝ የብርብራ ዘር ይዞ መጣ። ቢያድግልኝ ያን ጊዜም ተጠራጠረ።

«ያን ሁሉ አድርጌህ ለምን ትሰጠኛለህ?» አለው።

«የተጣላነው እኛ፤ መሬቱ ምን አጠፋ?» አለው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በአገራችን መሬቱን በእኩል የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ እፍኝ የብርብራ ዘር ለአራሹ ያስጨብጣል። ሰው ተጣልቶ ንብረት ሲያበላሽም «መሬቱ ምን አጠፋ» ይባላል። እኔም ዘሩን እሰጣለሁ። አራሹ ሲተክል ዳር ቆሜ አየዋለሁ፤ ደሙ አለብኝ ብያችሁ የለ። ግን አንድም ቀን ነቅዬ አላውቅም።