እመት ቁራ ጠገራ መሰብሰብ የጀመረች ጊዜ

ተረት ላወራ ነው፤ ጆሮውን ያመጣ ይጠጋ፣ ጆሮውን ቤቱ የረሳ ሄዶ ያምጣ። አንተ በር ላይ የቆምከው፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ ብርዱን አስገብተህ ጨረስከን። ተቀመጣችሁ? እንግዲህ ስሙ።

በድሮ ጊዜ፣ አውሬው ሁሉ ሲናገር፣ ዕቃውም "እኔስ ከማን አንሳለሁ?" ብሎ ሲናገር፣ አንዲት እመት ቁራ ነበረች። ቤቷ ከገበያው ዳር ባለች ዋርካ ላይ ነበር። ልጆቿ ክንፍ አውጥተው፣ ትዳር ይዘው፣ በርረው ሄደዋል። ባሏን ጭልፊት በልቶባታል። ጎጆዋ ሰፊ ነው፤ የሚያናግራት ግን የለም። ጠዋት "እንደምን አደርሽ?" የሚላት የለም። ማታ "እንደምን አመሸሽ?" የሚላት የለም። ብቸኝነት ክፉ ነው፣ ልጆቼ፤ ቁራንም ቢሆን ሆድ ያስብሳል።

አንድ ክረምት ዝናቡ በረታና ከዋርካዋ ሥር ያለው የወና ቤት ግድግዳ ተናደ። ከግድግዳው ውስጥ አንድ ማሰሮ ወድቆ ተሰበረ። ከማሰሮው ውስጥ አንዲት ጠገራ ብር ተንከባላ ወጣች። ያቺ የጥንቷ፣ ክብ፣ ከባድ ብር፤ በአንድ ፊቷ ሻሽ ያደረገች ደንዳና ወይዘሮ፣ በሌላ ፊቷ ክንፏን የዘረጋች ባለ ሁለት ራስ ወፍ ያለባት።

እመት ቁራ ወፏን ስታይ በመገረም አፏን ከፈተች። "አንድ ገላ፣ ሁለት ራስ! ይቺስ ዕድለኛ ናት፤ መቼም የሚያጫውታት አታጣም!" አለች።

"ምን ትጫወታለች?" አለ አንድ ድምፅ። "አንዱ ራሷ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ራሷ ወደ ግራ እንዳየ ይኸው ዘመን አለፈ። ተኳርፈው ነው መሰለኝ። ጨዋታ ከፈለግሽ እኔን ገልብጪኝ።"

ቁራ ገለበጠቻት። የተናገረችው ሻሽ ያደረገችው ወይዘሮ ነበረች።

"እርስዎ ማን ነዎት?" አለች ቁራ።

"እሜቴ ጠገራ ይሉኛል። አንሺኝ እስቲ፣ ልጄ፤ ጭቃው በረደኝ።"

ቁራም በምንቃሯ አንጠልጥላ ወደ ጎጆዋ ወሰደቻት። ሰረቀች እንዳትሉብኝ፤ ቤቱ ወና ነው ብያለሁ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እመት ቁራ ብቻዋን አልዋለችም። እሜቴ ጠገራ በበቅሎ ጀርባ ከአሞሌ ጨው ጎን ተጭና የወረደችውን ቆላ፣ የወጣችውን ደጋ ታወራላታለች። በአንገቷ አስራት ስለኖረችው ሙሽራ፣ ስለ ብርቄ፣ ታወራላታለች። "ከእናቷ ቤት ስትወጣ አለቀሰች፤ እንባዋ እኔ ላይ ነው የወረደው" ትላለች። ስለ ብርቄ ሕፃንም ታወራላታለች። "ጥርስ ስታወጣ ይበላት ነበርና እኔን ትነክስ ነበር። ይኸው እዚህ ጠርዜ ላይ!" ብላ ትስቃለች። ቁራም አብራ ትስቃለች። እንዲህ የሳቀችው ባሏ ከሞተ ወዲህ ገና ያን ጊዜ ነው።

እሜቴ ጠገራ አሮጊት ናትና ጠቁራለች። በሻሿ እጥፋት፣ በአንገቷ ሥር፣ በወፏ ላባ መካከል ጥቁር ጥቁር ብሎባታል። ቁራ ራሷ ጥቁር ስለሆነች ነገሩን ልብ አላለችውም።

አንድ ቀን እመት ቁራ አሰበች። "አንዷ ጠገራ እንዲህ ካጫወተችኝ፣ ብዙ ብሰበስብ ጎጆዬ ሰርግ ቤት ይሆን የለም? ግን ሰው ያለ ሙያው አይገባም፤ የሚያውቅ ልጠይቅ" አለች። ከዋርካዋ ማዶ ብር አቅልጦ ጌጥ የሚሠራ ይመር የሚባል አንጥረኛ ነበር። ይመርና ሚስቱ አስካለ ገበያ ሲወጡ ጠብቃ በመስኮት ገባች።

"እንደምን ዋላችሁ? ጠገራ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። ምን ይሻለኛል?" ብላ የአንጥረኛውን ዕቃዎች ጠየቀች።

አያ ወናፍ ቀድሞ ተናገረ። እሳት የሚያናፋ ሆዳም እንደሆነ ታውቁታላችሁ። "እፍፍፍ! ያገኘሽውን ሁሉ ወደኔ አምጪ! አንድ ላይ አቅልጠን አንድ ትልቅ እናደርገዋለን። ምን ያደርጋል ቁርጥራጭ?"

እመት አይጥ ከጥጉ ብቅ አለች። "እሱን አትስሚው፣ እቴ። አሮጌ ነገር በአመድና በሎሚ ፈትጎ ማንጣት ነው! ጎረቤት እስኪቀና! ሎሚውን ከአስካለ ጓዳ እኔ አመጣልሻለሁ፤ አንቺ ደግሞ ከገበያ የለቀምሽውን ጥሬ ትሰጭኛለሽ።"

አባ ሚዛንም ሊናገር ነበር። ነገር ግን አባ ሚዛን ካልረጋ አይናገርም። የግራው ሰሃን ወረደ፣ የቀኙ ወጣ፤ የቀኙ ወረደ፣ የግራው ወጣ። "እ... እ..." ይላል። እመት ቁራ ትዕግሥት አልነበራትም። አይጥ ያመጣችላትን ሎሚ አፈፍ አድርጋ በረረች።

ከዚያማ መፈተግ ነው! እሜቴ ጠገራን አመድ ነሰነሰችባት፣ ሎሚ ጨመቀችባት፣ ፈተገቻት። "ቀስ በይ፣ ልጄ፣ ያቺ የጨው መንገድ... የት ነበር የምትወስደው?" አለች ጠገራ። ቁራ አልሰማችም።

ሁለተኛ ፈተገቻት። "ልጄ፣ ያቺ ያለቀሰችው... ማን ነበር ስሟ?" አለች ጠገራ። ቁራ አልሰማችም።

ሦስተኛ ፈተገቻት። ጠገራ ምንም አላለችም።

ጠገራዋ ነጣች፣ አበራች። እመት ርግብ መጥታ "ውይ ማማሯ!" አለች። አያ ቆቅ ከታች ሆኖ "ዓይኔን አጠፋሽኝ!" አለ። ቁራ ደስ ብሏት እንግዶቿን ሸኘችና ከጠገራ ጎን ተቀመጠች።

"በሉ እንግዲህ ይጫወቱ፣ እሜቴ" አለች።

ዝም።

"የብርቄን ያጫውቱኝ።"

ዝም።

"ተቀየሙኝ? ክፉ ስናገር ሰሙ?"

ዝም አለች። እመት ቁራ ደነገጠች፤ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ባሏን ጭልፊት የወሰደው ዕለት ብቻ ነው ያገኛት። ጠገራዋን አንጠልጥላ እየበረረች ወደ አንጥረኛው ቤት ሄደች፤ ባለቤቶቹ ገና ከገበያ አልተመለሱም።

"አባ ሚዛን! ምን አደረግኋቸው?"

አባ ሚዛን ተወዛወዘ። በዚህ ጊዜ እንደ ምንም ጠበቀችው። ሲረጋ እንዲህ አለ፦ "ልጄ፣ ብር የሚያስታውሰው በጥቁሩ ነው። በእጥፋቷ የገባው ጥቁር የነካት እጅ ሁሉ፣ ያረፈችበት አንገት ሁሉ ነበር። አንቺ ቆሻሻ ነው ብለሽ አጠብሽው።"

"ይመለሳል?"

"የሄደው አይመለስም።"

ቁራ መሬት ላይ ተዘርፍጣ አለቀሰች። አባ ሚዛን የሚጨምረው ቃል ነበረውና እንደገና መወዛወዝ ጀመረ። ምን ዋጋ አለው፣ አያ ወናፍ ተሽቀዳደመ።

"እፍፍ! አይዞሽ እመት ቁራ! እዚያ ማቅለጫው ላይ አስቀምጪያት። ቃጭል ትሆንልሻለች። በነቀነቅሻት ቁጥር ድምፅ ታሰማሻለች። ዝም ከምትል አይሻልም?"

ያዘነ ሰው ምን የማይሰማው አለ? ቁራም ሰማችው። ጠገራዋን ማቅለጫው ላይ አስቀመጠች። ወዲያው በሩ ሲከፈት ሰምታ ጣሪያው ማገር ላይ ወጥታ ተደበቀች። ይመርና አስካለ ከገበያ ገቡ።

"አስካለ! ነይ ጉድ እይ! ጠገራ ከሰማይ ወረደልን!" አለ ይመር።

"ከሰማይ ዝናብ ነው የሚወርድ። የሰው ነው፤ ባለቤቱ ሳይመጣ እንዳትነካው" አለች አስካለ፣ ዘንቢሏን እያወረደች።

"ባለቤት ያለው ብር ማቅለጫ ላይ ተኝቶ ይገኛል እንዴ? ይልቅ ለእነ ጎበዜ ልጅ ክርስትና መስቀል ይወጣዋል።"

"ይመር፣ ነግሬሃለሁ።"

ይመር ግን ከሰሉን አቀጣጠለ፤ ወናፉን ጨበጠ። አያ ወናፍ ሆዱን ነፍቶ ተነፈሰ፤ እፍፍ! ከሰሉ ቀላ። እፍፍ! ማቅለጫው ጋለ። የእሜቴ ጠገራ ፊት በእሳቱ ብርሃን ፍም መሰለ። ቁራ ከማገሩ ላይ ሆና ያንን ፊት አየች። አይናገርም፤ ቢሆንም የእሷው ፊት ነው፣ ያ "ልጄ" ይላት የነበረው ፊት ነው። ቃጭልን ማን "እሜቴ" ብሎ ይጠራዋል?

"እኔ ልቃጠል!" አለችና ተወረወረች። እሳት ውስጥ ገብታ በምንቃሯ ጠገራዋን አፈፍ አደረገች። ምላሷ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዋ ተቃጠለ፤ አልለቀቀችም። ዛሬ ቁራ ስትጮህ ድምፅዋ የሚሻክረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በፊት እንደ ዋኔ ወፍ ታዜም ነበር ይላሉ።

ይመር ጉጠቱን አንስቶ ሊወረውርባት ሲል አስካለ እጁን ያዘችው።

"ተዋት!"

"ብሬን ይዛ ስትሄድ?"

"ብርህ አይደለም። ባለቤቱ እስኪመጣ ብዬህ አልነበር? ይኸው መጣች።"

ይመር ጉጠቱን አስቀመጠ። "ለብር ብላ እሳት የገባች ወፍ ገና ዛሬ አየሁ" አለ።

"ለብር ብላ አይመስለኝም" አለች አስካለ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቁራ ቁስል ሲሽር ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አባ ሚዛን ሄደች። በዚህ ጊዜ ምንም አልጠየቀችም። ተወዛወዘ፤ ጠበቀች። እንደገና ተወዛወዘ፤ ጠበቀች። እመት አይጥ መጥታ "ምን ትጎለቻለሽ?" ብትላት አልመለሰችላትም። በመጨረሻ አባ ሚዛን ረጋ።

"ያን ዕለት ልልሽ የነበረው ይህን ነው" አለ። "የሄደው አይመለስም፤ አዲስ ግን ይገባል። አትፈትጊያት። ያዣት፣ አቅፈሻት እደሪ፣ አውሪያት። መቼ እንደምትናገር አላውቅም። ላትናገርም ትችላለች። ለመሰብሰብ ከሆነ ግን ሌላ ሳትፈልጊ በእሷ ጀምሪ።"

ቁራም በእሷ ጀመረች። ጠዋት "እንደምን አደሩ እሜቴ?" ትላለች። ማታ "እንደምን አመሹ?" ትላለች። ከክንፏ ሥር አስገብታት ታድራለች። በዚያ በሻከረ ድምፅዋ የጨው መንገዱን ታወራላታለች፣ ብርቄን ታወራላታለች፣ የሕፃኗን ጥርስ ታወራላታለች። ጎረቤቶቿ "እመት ቁራ ከብር ጋር ታወራለች፤ አበደች" አሏት። ይበሉ! ክረምት ወጣ፣ በጋ ገባ፤ እንደገና ክረምት መጣ። ጠገራዋ ትንሽ ደበዘዘች። ትንሽ ጠቆር አለች። አልተናገረችም።

አንድ ቀን ቁራ ምግብ ፍለጋ ርቃ ሳለች ውሽንፍር ያዛትና የምትገባበት ሰዓት አለፈ። ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተጠልላ "ዛሬስ እሜቴ ብቻቸውን ይቀሩ ይሆን?" ብላ ተጨነቀች። ዝናቡ ሳያባራ ወጣች። ውሃ እየተንጠባጠበባት፣ እየተንቀጠቀጠች ጎጆዋ ደረሰች።

"ዛሬ ዘገየሽብኝ፣ ልጄ" አለ አንድ ድምፅ።

እመት ቁራ ባለችበት ቀረች። ቀስ ብላ ተጠጋች።

"እሜቴ? እርስዎ ነዎት? ብርቄን አስታወሷት?"

"አንቺ ስታወሪ ሰማሁ እንጂ እኔ አላውቃትም።"

"ሕፃኗንስ?"

"እሷንም አላውቃትም። ጠርዜ ላይ አንድ ነገር ነክሶኛል፤ ማን እንደነከሰኝ ግን አላውቅም።"

ቁራ እንባዋ መጣ። "ታዲያ ማንን ያስታውሳሉ፣ እሜቴ?"

"አንቺን" አለች ጠገራ። "ሌላ ማንንም አላውቅም። ነይ ግቢ፣ ርሰሻል።"

ቁራም ገባች፤ ክንፏን ዘርግታ አቀፈቻት፤ አለቀሰችም፣ ሳቀችም።

ልጆቼ፣ አሮጌ ነገር መሰብሰብ የሚያምረው ከመካከላችሁ ካለ በአንድ ይጀምር። እንዲያበራለት ብሎ አይፈትገው፤ የያዘውን ነገር ያጫውተው፣ እሱም እስኪያጫውተው ይታገሥ። እኔ የሰማሁትን አወራሁ፤ የቀረውን ቁራ ስትጮህ ጠይቋት።