ዳገት ላይ የተፈታው ፑሊ

በአንድ ወቅት፣ ከትልቅ ዳገት ሥር ባለች ከተማ፣ እንግዳወርቅ የሚባል ባለጋራዥ ነበር። ፈጣሪ ሦስት ወንዶች ልጆች ሰጥቶታል፤ ሦስቱንም ሙያ አልነፈጋቸውም፤ መዋደድን ግን አላገኙም።

ትልቁ አድማሱ ጆሮ ነበረው። የብሎን መፍቻውን፣ የካቻቢቴውን፣ ጫፍ ከሚሠራ ሞተር፣ እጀታውን ከጆሮው ያስጠጋና የታመመውን ክፍል ለይቶ ይነግርሃል። መካከለኛው ደርበው እጅ ነበረው፤ ሌላው ቁልፍ ሲመርጥ እሱ ፈትቶ ገጥሟል። ትንሹ ምትኩ ደግሞ አፍ ነበረው፤ ተቆጥቶ የመጣ ደንበኛ ስቆ ይመለሳል።

አባትየው «ጋራዥ እንደ ዳቦ አይቆረስም፤ የአንዳችሁ ብቻ ነው» ይላቸዋል። የማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ልጆቹም እንደዚያው ዓይን ለዓይን እየተጠባበቁ አደጉ።

እንግዳወርቅ አንድ ክፉ ልማድ ነበረው፤ መጣል አይወድም። የሞተሩን ቺንጋ፣ ያን የጎማ ቀበቶ፣ ወጥሮ የሚይዘው ክብ ፑሊ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሲያልቅ፣ ሽፋኑን ይከፍትና ግራሶ ቅባት ሞልቶበት መልሶ ይገጥመዋል። በሰው መኪና አያደርገውም፣ በገዛ ፒካፑ ነው እንጂ። አንድ ጠዋት አድማሱ «አባዬ፣ የኛ ፑሊ እየጮኸ ነው፤ ይቀየር» ቢለው፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት በጥፊ አጮለው።

«ጆሮህን ለደንበኛ አቆየው!»

ወንድሞቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አድማሱ ፑሊው ሲጮኽ እየሰማ ዝም ይል ጀመር።

ታዲያ አንድ ቀን የእንግዳወርቅ አንጀት ታጠፈና መሬት ላይ ይንፈራገጥ ጀመር። ጤና ጣቢያው «ቀዶ ጥገና ነው፤ ከዳገቱ ማዶ ሆስፒታል ቶሎ አድርሱት» አላቸው። በዚያው ፒካፕ ጭነውት ወጡ፤ ደርበው ይነዳል።

ዳገቱን አጋምሰው ሳለ አድማሱ «አጥፋው!» ብሎ ጮኸ። ደርበው አጠፋ። ትንሽ ቢገፋ ሞተሩ ተቃጥሎ ነበር። ከፍተው ቢያዩ ኩሽኔታው ነክሶ ደርቋል፤ ቺንጋው ነዶ ተበጥሷል። ያለ ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ አይዞር፣ መኪናው ዳገት አይወጣ። አባትየው ከኋላ ያቃስታል።

አድማሱ አንገቱን ወደ ላይ አዘነበለ። «መኪና እየወረደ ነው» አለ። «እንደኛው ዓይነት ነው። ፑሊው ጤነኛ ነው።»

እውነትም እንደነሱ ያለ ፒካፕ መጣ። የያዘው አለባቸው የሚባል ሰው ነው፤ አይቷቸው ቆመላቸው።

«ወንድሞቼ፣ ሚስቴ ምጥ ይዟታል። መንገድ ዳር ጠብቂኝ ብያት ላመጣት ነው የምወርደው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ እዚህ መኪና አይዞርም፤ ስመለስ አባታችሁንም አብሬ እወስዳለሁ።»

«እስክትመለስ ይሞታል!» ምትኩ እግሩ ላይ ወደቀ። «ምጥ ይቆያል ጋሼ፣ ሞት አይቆይም። ፑሊህን ከነቺንጋው አውሰን። አባቴን አድርሼ ወዲያው ካልመለስኩልህ፣ ሚስትህን በምጧ የምትራዳት ማርያም ትፍረድብኝ!»

አለባቸው አመነታ። ወደ ታች አየ፤ የሚያቃስተውን ሽማግሌ አየ። እሱ ሲያመነታ ደርበው ኮፈኑን ከፍቷል። «እንግዲህ እሺ» ያለ ጊዜ ፑሊው ከነቺንጋው ደርበው እጅ ላይ ነበር።

ደረሱ። ሐኪሙ «ጥቂት ብትዘገዩ ሬሳ ነበር የምታመጡልኝ» ብሎ በሽተኛውን ይዞ ገባ።

ምትኩ «በል ደርቤ፣ ፍታልኝ፤ ላድርስለት» አለ።

«ወደ ሌላ ሆስፒታል ውሰዱት ቢሉንስ? በጀርባህ ልታዝለው ነው? አልፈታም።»

ምትኩ ወጥቶ ለአለባቸው የሰው መኪና ሊለምን ይችል ነበር፤ ያ አፍ ማንን አቅቶት ያውቃል? ነገር ግን አባቱ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው የማንን ፊት ነው? ይህን አሰበና በሩ ሥር ተቀመጠ። አድማሱም ሁሉን ሰምቷል። ዝም አለ፤ ዝምታን ለምዶታል።

አለባቸው ጠብቆ ጠብቆ ሲጨንቀው በእግሩ ወረደ። ሚስቱን መንገድ ዳር ጠብቂኝ ካላት ዛፍ ሥር አገኛት። ልጁ በሆድዋ እንዳለ ሞታለች።

እንግዳወርቅ ድኖ ሲመለስ ጎረቤትና ሽማግሌ ጠርቶ ድግስ ደገሰ። የጋራዡን ቁልፍ ከፊቱ አኑሮ «ይህ ላዳነኝ ነው» አለ።

«እኔ ባልሰማ ሞተሩም አንተም ዳገት ላይ ቀርታችሁ ነበር» አለ አድማሱ።

«ጆሮ ብሎን ይፈታል እንዴ?» አለ ደርበው። «የፈታሁት እኔ፣ የገጠምኩት እኔ!»

«የሰው ብሎን በማን አፍ ፈታህ?» ምትኩ ሳቀ። «እኔ ባልለምን ሌባ ነበርክ።»

ይህን ሲባባሉ አለባቸው ጥቁር ለብሶ፣ ራሱን ተላጭቶ ከበሩ ቆሟል።

«ሁላችሁንም ሰማሁ» አለ። «ያዳነው ይነሳልኝ። የሚስቴና የልጄ ደም እሱ ላይ ነው።»

ቁልፉን ሲሻሙ የነበሩት እጆች ተሰበሰቡ።

«እኔ ሰማሁ እንጂ ምን ነካሁ?» አለ አድማሱ። «ይቀየር ስል በጥፊ ያለኝስ ማነው?»

«እሺ ብሎኝ ነው የፈታሁት» አለ ደርበው። «የማለው ምትኩ ነው።»

«እኔማ ልመልስ ነበር፣ አልፈታም ያለው እሱ ነው!» አለ ምትኩ።

ከተጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ ተነሱ። «ደም ሳይደርቅ አይታደርም። ከመካከላችሁ አንዱ ድንጋይ ተሸክሞ ከዚህ ሰው እግር ሥር ይውደቅ፤ ከዚያም አገር ይልቀቅ።»

እንግዳወርቅ ቁልፉን አላነሳም። «ቃሌን አላጥፍም፤ ላዳነኝ ነው» አለ።

የልብን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ለእኛ የተሰጠን የታየውን መመዘን ነው። እስቲ ፍረዱ፦ ከሦስቱ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው? ድንጋዩስ? ያው ሰው ይሸከመው ወይስ ሌላ?