የማ ጋርማይ አውራ ጣት

አንድ ሰው ነበረ፤ የሕግ ባለሙያ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ታሪኩን እንዳወራ ሲፈቅድልኝ «ስሜን ግን ተወው» ብሎኛል። እኔ ጋሼ ነው የምለው።

ጋሼ እዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት ዳኛ ሆኖ ሰርቷል። ከዚያ ሌላ ሥራ ያዘ። ከጦርነት ገና የወጡ አገሮች አሉ አይደል? ፍርድ ቤቱ የተቃጠለ፣ መዝገቡ የጠፋ፣ ዳኛው የተሰደደ። እነዚህ አገሮች እየሄደ ፍርድ ቤታቸውን መልሰው እንዲያቆሙ ያግዛል። ጥሩ ሥራ ነው። ጥሩ ሥራ መሆኑን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ጊዜ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ የጎማ ዛፍ የሚበዛበት፣ ዝናቡ ወራት የማያቋርጥበት አንድ አውራጃ ላኩት። ፍርድ ቤቱ ምን ነበር መሰላችሁ? የትምህርት ቤት ክፍል። ሰሌዳው ላይ ከጦርነቱ በፊት የተጻፈ ማባዣ አለ። የሰባት ማባዣ። አራት ዓመት ሙሉ ያጠፋው ሰው የለም።

እስር ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ የታጣቂ አዛዥ ነበረ። በጦርነቱ ጊዜ ከመንደሮቹ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ወጣቶችን በጭነት መኪና የወሰደ ሰው ነው። ሁለት ልጆች አምልጠው የሆነውን ተናግረዋል። ሌሎቹ ሁሉ ተገድለው ወንዝ ተጥለዋል። ያመለጡት ልጆች ግን የአዛዡ ሰዎች እንዳይበቀሏቸው ቃላቸውን የሰጡት በዝግ ክፍል ነው። ስለዚህ መንደሩ የሚያውቀው «ተወሰዱ» የሚለውን ብቻ ነው። አብዛኛው እናት በልቧ ታውቃለች። አንዳንዷ ግን አሁንም ማታ በሯን አትቆልፍም።

አሁን የሕጉን ነገር ስሙኝ፣ አጭር ነው። በዚያ አገር ሕግ አስከሬን ካልተገኘ፣ ሰውየው መሞቱን ፍርድ ቤት ማረጋገጥ አለበት። ፍርድ ቤቱ የሚያረጋግጠው ደግሞ ቤተሰብ «ልጄ ሞቷል፣ አረጋግጡልኝ» ብሎ ሲያመለክት ነው። ሟች ከሌለ ገዳይ የለም። አዛዡን አስሮ ለማቆየት የተፈቀደው ጊዜ አራት ወር ቀርቶታል። በአራት ወር ውስጥ ማመልከቻዎቹ ካልገቡ አዛዡ ተፈትቶ ቤቱ ይገባል።

ጋሼ ምን አደረገ? አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጀ። ከላይ የልጁ ስም፣ ከታች የወላጅ ጣት አሻራ፣ መሀል ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን። ሳጥኗ አጠገብ «ለአመልካች ተብራርቷል» ይላል። ጸሐፊው እዚያች ላይ ምልክት ያደርግባታል። በቃ። ለአንድ ሰው ስድስት ደቂቃ መደበ። አለቆቹ አመሰገኑት።

አንድ ቀን ሰልፉ ላይ አንዲት አሮጊት ደረሱ። ማ ጋርማይ ይባላሉ። እዚያ ትልቅ ሴትን «ማ» ነው የሚሉት፣ እኛ እማማ እንደምንለው። ልጃቸው ፍሎሞ ከተወሰዱት አንዱ ነው። ቁጭ ከማለታቸው ጋሼን ከላይ እስከ ታች አዩትና ለአስተርጓሚው የሆነ ነገር አሉት። ቶክፓ ይባላል፣ አስተርጓሚም ጸሐፊም ነው፣ የዚያው መንደር ልጅ። ሳቀ።

«ምን አሉ?» አለ ጋሼ።

«አገሩ ምግብ የለም ወይ ነው የሚሉት፣ ዳኛ። ይሄ ሰው በነፋስ እንዳይወሰድባችሁ ድንጋይ ኪሱ ክተቱለት እያሉ ነው።»

ጋሼም ሳቀ። ከዚያ ማ ጋርማይ ከፌስታል ውስጥ ሸሚዝ አወጡ። አዲስ ሸሚዝ፣ ካርቶኑ አንገቱ ላይ እንዳለ።

«ሲወስዱት አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር» አሉ። «አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቶታል። ትከሻው ይሰፋል ብዬ ትልቁን ነው የገዛሁት። ሲመጣ ምን ይለብሳል? ደግሞስ ይሄ ወረቀት የልጄን ነገር የሚጨርስ ነው?»

ቶክፓ ይሄን ሲተረጉም የመጀመሪያውን ዋጠው። «ወረቀቱ የልጃቸውን ጉዳይ የሚመለከት ነው ወይ ይላሉ» አለ።

«አዎ በላቸው» አለ ጋሼ።

ግን ወገኖቼ፣ ሸሚዙን አይቷል እኮ። ሸሚዝ አስተርጓሚ ይፈልጋል? አይፈልግም።

«ቶክፓ፣ ገብቷቸዋል?» ብሎ ጠየቀ።

ቶክፓ ጠረጴዛውን እያየ «የሚገባቸው ይመስለኛል፣ ዳኛ» አለ።

ከኋላቸው አርባ ሰው ቆሟል። ዝናብ ሊመጣ ነው። ጋሼ ምን አለ? «ቀጥል» አለ። ቶክፓ ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረገ። ማ ጋርማይ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። አላመኑትም፣ ደግመው ነክረው ደግመው ተጫኑ። እንዳይጠፋ ነው። ልጃቸው የሚፈለግበት ወረቀት ነዋ፣ እንዴት ይጥፋ? ሰማያዊውን ቅጂ አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

ያ ወረቀት ምን ይል ነበር? «ልጄ ሞቷል፣ አረጋግጡልኝ።»

ከዚያ በኋላ ማ ጋርማይ ዓርብ ዓርብ ከገበያ ሲመለሱ ፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ለጋሼ የተቆላ ኦቾሎኒ በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጣሉ። «ብላ አንተ ቀጭን» ይሉታል። እሱም ከቶክፓ ጋር አጠገባቸው ቁጭ ይላል። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል።

«ወረቀቴ የት ደረሰ?»

«እየሄደ ነው፣ ማ።»

«እየሄደ ነው?»

«እየሄደ ነው።»

ገበያ ሄደው «ወረቀቴ እየሄደ ነው» ብለው ለሰው ያወራሉ። ሰው ደግሞ ቀና ብሎ አያያቸውም። ሰባት ዓርብ እንዲህ ሆነ። ጋሼ ራሱ ነው የቆጠረው። ሰባቱንም ዓርብ «ዛሬ ልንገራቸው» ብሎ እንደሚነሳ፣ ሰባቱንም ዓርብ ኦቾሎኒውን እንደሚበላ ነገረኝ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኛ አገር መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው?

ታውቁታላችሁ። ጋሼም ያውቀዋል። አሥረኛ ክፍል እያለ ታላቅ ወንድሙ ግንባር ላይ ሞቷል። ወሬው የደረሰው የቀበሌው ሰዎች ዘንድ ነው። ሰዎቹ ግን ብድግ ብለው እናቱ ላይ አልጣሉትም። ጎረቤት ቤት ተሰበሰቡ። ማን ይናገር፣ ማን ይያዛት፣ እህቷን ከደብረ ብርሃን ማን ያምጣት ብለው ተማከሩ። ሊነጋጋ ሲል ስምንት ሆነው መጡ። ከሁሉም ቀድማ አንዲት ጎረቤት ገባች፣ ወይዘሮ የሺመቤት። ምንም ሳትናገር ቡታጋዙን አጠፋች። ለቁርስ የተጣደውን ማንቆርቆሪያ አንስታ ጓዳ አስቀመጠች። እናትየው ስትወድቅ እሳት ላይ እንዳትወድቅ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌዎቹ የገቡት።

ጋሼ ይሄን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ይሄን ያየ ሰው ነው ሳጥን የሠራው። ለምን? እኔ ጠይቄዋለሁ። «ቢሮ ስገባ ያንን ቤት ትቼው ነው የምገባው» አለኝ። ሌላ ምክንያት አልሰጠኝም።

የውሳኔው ቀን ደረሰ። ክፍሉ ሞልቷል፣ መስኮቱ ላይ ሰው ተንጠላጥሏል። አሁን የሚያሳዝነው ነገር፣ ድሮ ውሳኔ የሚነበበው ሕዝቡ በማይሰማው ቋንቋ ነበር። «ሰዉ በራሱ ቋንቋ ይስማ» ብሎ የተከራከረው፣ ደብዳቤ የጻፈው፣ ያስፈቀደው ጋሼ ነው። እና ሬጅስትራሩ በመንደሩ ቋንቋ፣ ጥርት አድርጎ ያነብ ጀመር።

«አመልካች ጋርማይ፣ ልጃቸው ፍሎሞ መሞቱን ገልጸው ሞቱ እንዲረጋገጥላቸው በአውራ ጣት አሻራቸው ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት፣ ፍርድ ቤቱ...»

ማ ጋርማይ ተነሱ። መጀመሪያ አልጮኹም። ዙሪያቸውን አዩ፤ ሌላ ጋርማይ ካለች ብለው ነው።

«እኔ ነኝ?» አሉ። «እኔ ነኝ የጠየቅኩት?»

ሬጅስትራሩ ማንበብ አቆመ። ሰማያዊዋን ወረቀት ከደረታቸው አወጡና አጠገባቸው ላለች ሴት ሰጧት፤ አንብቢልኝ ነው። ሴትየዋ አንብባ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ያኔ አውራ ጣታቸውን አዩት። በለበሱት ጨርቅ ጠረጉት። ቀለሙ እኮ ከለቀቀ ወር አልፎታል። ደግመው ጠረጉት።

«ዳኛ» አሉ ወደ ፊት እያዩ፣ «ጣቴን መልሱልኝ። እኔ እንደዚያ አላልኩም። ጣቴን መልሱልኝ።»

ጋሼ ከዳኛው በስተቀኝ ነው የተቀመጠው። መነሳት አቃተኝ አለኝ። የሰባት ማባዣ የተጻፈበትን ሰሌዳ እያየ እስከ መጨረሻው አነበበው። ሰባት በሰባት አርባ ዘጠኝ።

አዛዡ ተፈረደበት። ዕድሜ ልክ። ፍትሕ መጣ ወገኖቼ፤ መጣ፤ አልቀረም። ያቺ ክፍል ውስጥ ግን ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጋሼ ቶክፓን ቀሰቀሰው። ቶክፓ አክስቶቹን ቀሰቀሰ። ስምንት ሆነው ማ ጋርማይ ቤት ሄዱ። ያገሩን ወግ ማድረጉ ነው። የትናንቱን ዛሬ። ማ ጋርማይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሸሚዙ ጭናቸው ላይ ነው፣ ካርቶኑን አውጥተውለታል። አክስቶቹ ከበው ተቀመጡ። ጋሼ መሬት ላይ በጉልበቱ ሆነ።

እሳቸው ናቸው የተናገሩት። አልተቆጡም፤ ቀስ ብለው ነው።

«ልጄ መሞቱን ልቤ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም» አሉ። «ሰው አፍ አውጥቶ እስኪነግረኝ ነበር የምጠብቀው። ሰባት ዓርብ አጠገቤ ተቀመጥክ። ኦቾሎኒዬን በላህ። አንዱን ቀን ብትነግረኝ ምን ነበር? አንተ ብትነግረኝ እኮ አንተ ላይ አለቅስ ነበር።»



ከዚያ ጋሼ ለቀሩት ቤተሰቦች ቅጹን ቀየረው። ሳጥኗን ሰረዛትና በቦታዋ አንድ መስመር አሰመረ። «ለቤተሰቡ የነገረው ሰው ስም» ይላል። ምልክት አይደለም፣ ስም። ጸሐፊዎቹ አጉረመረሙ፤ ስድስቱ ደቂቃ ግማሽ ቀን ሆነ፤ አንዳንዱ ቀን የሚሞላው አንድ ቅጽ ብቻ ነው። ማ ጋርማይ ግን ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ አልተቀመጡም። ጋሼ ሥራውን ጨርሶ እስኪመለስ ሁልጊዜ ዓርብ እዚያ በረንዳ ላይ ቁጭ ይል ነበር። አልመጡም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ጥሩ ሥራ ነው ብያችሁ ነበር አይደል? ጥሩ ሥራ ነው። ጋሼም ክፉ ሰው አይደለም። እናንተም ክፉ ሰዎች አይደላችሁም። ለዚህ ነው የምነግራችሁ። ክፉ ሰውማ እዚያ በረንዳ ላይ አይቀመጥም።

ቤታችሁ ውስጥስ ምልክት የተደረገባት የቷ ሳጥን አለች? የሐኪም ውጤቱን የምታውቁት፣ አባታችሁ ግን «መድኃኒቱ እየሠራ ነው?» እያሉ የሚጠይቋችሁ፣ እናንተም «እየሠራ ነው» የምትሉ። ልትተዋት ወስነህ ጓደኞችህ ሁሉ አውቀው፣ እሷ ግን ለሠርጉ ጨርቅ የምትመርጥልህ። እኛ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችስ? ሰውን ከአገልግሎት ስናነሳ በደብዳቤ አይደለም ወይ? ደብዳቤውን በጥበቃው አይደለም ወይ የምንልከው? ፈርሟል፣ ደርሶታል፣ ተብራርቶለታል። ተብራርቶለታል?

እውነት መናገር ብቻ ይበቃል አትበሉ። እውነቱ ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥም ተነግሯል፣ ጥርት ተደርጎ ተነቧል። የጎደለው ሰው ነው። ቀድሞ ገብቶ ቡታጋዙን የሚያጠፋ ሰው። ጌታችን እንኳ ወዳጁ መቃብር ጋ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ እያወቀ፣ መጀመሪያ ከሟቹ እህቶች ጋር አለቀሰ። ጊዜ አጥቶ ነው? ከኋላው ሰልፍ ስላልነበረ ነው?

እናንተ ላይ ማልቀስ የሚፈልግ ሰው አለ። ማን እንደሆነ አሁን ታውቁታላችሁ፤ እኔ ሳወራ ፊቱ መጥቶባችኋል። ወረቀቴ የት ደረሰ እያለ ይጠይቃችኋል። እናንተም እየሄደ ነው እያላችሁ ኦቾሎኒውን ትበላላችሁ።

መስመሯ ባዶ ናት። የነገረው ሰው ስም፣ ነው የምትለው።

ዛሬ እሑድ ነው። ለዓርብ አምስት ቀን አለ።