የጉልላትን ሣጥን ያስነሣው ማን ነው?

በአንድ ወቅት፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ወይዘሮ ጥሩአየር የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። የምነግራችሁ የሳቸውን ነገር ነው። መጀመሪያ ስሙኝ፣ ኋላ ተከራከሩበት። እኔ ስከራከርበት ኖሬ ደክሞኛል።

ባላቸው አቶ ጉልላት የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ቴክኒሻን ነበሩ። ኮምፒውተር የሚባለው ነገር በከተማው በስም እንኳ በማይታወቅበት ዘመን፣ ከተጣለ ዕቃ ላይ ቺፕ እየነቀሉ፣ ሽቦ በሽቦ እየጠመጠሙ፣ በገዛ እጃቸው አንድ ኮምፒውተር ሠሩ። አካሉ የጣውላ ሣጥን፣ ማሳያው አሮጌ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን፣ ጽሑፍ የሚያስቀምጠውም በተራ የቴፕ ካሴት ነበር። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ነጥብ በነጥብ ሠርተው ያስገቡት ራሳቸው ናቸው። ጎረቤቱ «የጉልላት ሣጥን» ይለው ነበር። ሰውየው ለይቶላቸዋል ብሎ የሚስቅም አልጠፋም።

ሳቁ ያበቃው አቶ ጉልላት ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ሲጠፋ ነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብዕር አይዙም፤ ቁልፍ መጫን ግን ይችላሉ። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሚስታቸው ጋር ያወሩት በሣጥኑ ነው። እሳቸው ይጽፋሉ፣ ወይዘሮ ጥሩአየር ከቴሌቪዥኑ ላይ አንብበው በአፋቸው ይመልሳሉ። ይጨቃጨቁበትም ነበር። «ሾርባው ጨው በዝቶበታል» የሚል ሲመጣ፣ «እንግዲያው ተነሥተህ ራስህ ሥራ!» ይሏቸዋል። የተጻፈው ሁሉ በካሴት ይቀራል። ካሴቱን ሌላ ቴፕ ውስጥ ብትከቱት የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው፤ ከዚያ ሣጥን በቀር የሚያነበው የለም።

ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው፣ አቶ ጉልላት ብቻቸውን ተቀምጠው ጽፈው አንድ ካሴት ለሚስታቸው ሰጡ። በጣታቸው መጀመሪያ ወደ ራሳቸው፣ ቀጥሎ ወደ መሬት አመለከቱ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ማለታቸው ነበር።

ከአርባው በኋላ ወይዘሮ ጥሩአየር ካሴቱን ከተቱ። «ጥሩዬ፣ እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። እሱም» የሚለው ብቅ አለና ፊደሉ ተዘበራረቀ፣ ሣጥኑም ቀጥ አለ። አጥፍተው አበሩት፣ እዚያም ሳይደርስ ቆመ። አንድ ቀን ግማሽ ደቂቃ ይሠራል፣ አንድ ቀን ያንንም አይሞላም። የወይዘሮ ጥሩአየር ልብ በዚያች «እሱም» ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አርባ አራት ዓመት አብረው ኖረው አንድ ቀን እንኳ «እወድሻለሁ» ያላሏቸው ባል ናቸው። የሚጠብቁት ቃል ምን እንደሆነ ለማንም አልተነፈሱም፤ ግን እናንተም እኔም እናውቀዋለን።

ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። ሦስቱም በዚህ ሣጥን ላይ እጃቸው አለበት፣ በክፉም በደጉም።

ታላቁ ይትባረክ የሹራብ ሠራተኛ ነው። በለቅሶው ጊዜ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ይገኝ ብሎ የሳሎኑን ዕቃ ጠራርጎ ያስወጣው እሱ ነበር። ወግ ነው፣ ማንም ያደርገዋል። ሶፋውም፣ ቁም ሣጥኑም፣ የአባቱም ሣጥን ከድንኳኑ ጀርባ ተደረደሩ። ወሩ ነሐሴ ነበርና ሦስት ቀን ዘነበ። ዕቃው ሲመለስ ሶፋውን ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ የሣጥኑን ላይ ላዩን በጨርቅ ወልወል አደረጉት። ውስጡን ከፍቶ ያየ የለም።

መካከለኛዋ ሰብለወንጌል ከእናቷ ጋር የምትኖር የሒሳብ መምህርት ናት። በሽታውን ልፈልግ ብላ የተነሣችው እሷ ነች። መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠረች፤ ስታብላይዘር አምጥታ ሞከረች፣ አልሆነም። የማስታወሻ ቺፖቹን ቦታ አቀያየረች፣ አሁንም ያው ነው። በመጨረሻ ሣጥኑን ቁጥር እንዲቆጥር አዘዘችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲሄድ፣ እሷ ቺፖቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ላጲስ ጫን ለቀቅ ታደርጋለች። ሲቆም የቆመበትን ቁጥር በደብተር ታሰፍራለች። ሰባት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ከትምህርት ቤት መልስ። እናቷም አጠገቧ ተቀምጠው አብረው ይቆጥሩ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት «እማዬ፣ ነይ! ያዝኩት!» ብላ ጮኸች። ሁሉን የሚያዘው ቺፕ፣ ፕሮሰሰሩ፣ የተሰካበት ሶኬት ውሃ ገብቶት ዝጓል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሠራል፣ ሲለቁት ይቆማል። ወይዘሮ ጥሩአየር ካሴቱን ከተቱ፣ ሰብለወንጌል ተጫነች። «ጥሩዬ» አለ። «እሱም» አለ። ልጅቱ እንዳያመልጣት ብላ ጠበቅ አድርጋ ስትጫን ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የዛገው የፕሮሰሰሩ እግር፣ ሶኬቱ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ብረት፣ ከሥሩ ተሰበረ።

«ምነው ልጄ፣ ምነው!» አሉ እናት። ያን ቀን ሁለቱም አልበሉም።

እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር ዛሬ አይገኝም። ሰብለወንጌል መርካቶን አሰሰች፣ የሚያውቀውም አጣች። ይህን የሰማ ይትባረክ ሱቁን ከፈተና የሹራብ ማሽኑን ጀርባ ፈታ። ማሽኑ አንድ ነው፣ ቤተሰቡን የሚያበላበት። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ የአባቱ ሣጥን ዘመድ ነው፣ ያው ፕሮሰሰር አለበት። ሚስቱን ሳያማክር ነቅሎ በመሀረብ ጠቅልሎ አመጣው።

«ይኸው እማዬ።»

«ያንተስ ሥራ ልጄ?»

«ቆመ» አለና ሻይም ሳይጠጣ ወጣ። ዛሬ የሰው መጋዘን ዘበኛ ነው።

ትንሹ ምናሴ አዳማ ሞባይል ይጠግናል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የአባቱን ኦሲሎስኮፕ፣ ያንን የኤሌክትሪክን ሞገድ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ሳያስፈቅድ ሸጦ ነው ሱቅ የከፈተበት። አቶ ጉልላት ያኔ ድምፅ ነበራቸው። «ልጄ አይደለህም፤ ሣጥኔን እንዳትነካ!» ብለው አባረሩት። ይትባረክም ከዚያ ወዲህ አላናገረውም። ምናሴ አባቱን የቀበረው ከሰው ኋላ ቆሞ ነው።

አሁን ግን እሱ የግድ አስፈለገ። አዲሱ ፕሮሰሰር በዛገ ሶኬት ላይ ቢሰካ ያው ነው፣ ሶኬቱ መለወጥ አለበት። በቦርዱ ጀርባ ደግሞ አርባ እግር አለ፤ በየእግሩ ፀጉር የሚያካክል ሽቦ ተጠምጥሟል። ንድፉ የነበረው በሟቹ ጭንቅላት ብቻ ነው። አንድ ሽቦ ቢሳት የይትባረክ ፕሮሰሰር ይቃጠላል፣ ሌላ ደግሞ የለም። ሰብለወንጌል ደወለችለት፣ እሱም ሱቁን ዘግቶ በማግስቱ ደረሰ። አቶ ጉልላት ግራኝ ነበሩና የሚጠመጥሙት ሰው ሁሉ ከሚጠመጥምበት በተቃራኒ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሲፈታው ይበጥሰዋል። ምናሴ በልጅነቱ ከአባቱ ጎን ቆሞ ሲያይ ስላደገ ያውቃል። አራት ቀን አጎንብሶ ፈታ፣ አዲስ ሶኬት ተከለ፣ መልሶ በአባቱ አጠማጠም ጠመጠመ። አንዲት ሽቦ አልሳተም።

ሣጥኑ ሲበራ አንድ ብሎ ጀመረ፤ አሥር ሺህ ደርሶም አልቆመም። ይትባረክ በምናሴ አንገት ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ሰብለወንጌል በሁለቱም ላይ ተደረበች። ወይዘሮ ጥሩአየር ከባላቸው ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እልል አሉ። ምነው ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ!

ካሴቱን ከተቱ። አራቱም ቆመው አነበቡ።

«ጥሩዬ፣ እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። እሱም የሣጥኑ ነገር ነው። ሣጥኑና ካሴቶቹ እንዳይለያዩ፣ ለሁለት ለሦስትም እንዳይካፈሉ። እኔ ከሄድኩ ይህ ማሽን አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። ያኔ መልሶ ላስነሣው ሰው ይሁን። ልጄ የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ደህና ሁኚ።»

ወይዘሮ ጥሩአየር ተጨማሪ ይመጣል ብለው ጠበቁ። አልመጣም። ያን ሁሉ ወር ተጠብቆ ለሳቸው የደረሳቸው «ደህና ሁኚ» ብቻ ነው። ሙት አይሰደብም እንጂ ቢሰደብ ኖሮ ያን ቀን ይሰድቡ ነበር።

ዞር ሲሉ ልጆቻቸው ተራርቀው ቆመዋል።

«በሽታውን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለች ሰብለወንጌል ቀስ ብላ። «ያለ እኔ የሰባት ወር ልፋት ምን ታደርጉ ነበር? ይህ እስከ ዛሬ ሬሳ ሆኖ ይቀር ነበር።»

«አግኝተሽስ ገደልሽው» አለ ይትባረክ። «ነፍስ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከልጆቼ ጉሮሮ ነቅዬ።»

«በዝናብ ያስደበደብከውስ አንተ አይደለህም?» አለ ምናሴ። ወንድም ጋሼ ማለቱን ያን ጊዜ ተወ። «ያንተን ቺፕ መሀረብ ውስጥ አስቀምጦ ማን ያስነሣዋል? ያስነሡት እነዚህ እጆች ናቸው። ልጄ አይደለህም ተብዬ የቀረሁት እኔ ነኝ። ይህን ቃል ከእኔ በላይ የሚፈልገው አለ?»

«ኦሲሎስኮፑን ባትሸጠው ሰባት ወሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር!» ጮኸች ሰብለወንጌል። «እኔስ እግሩን እሰብር ነበር?»

«በቃ! በቃችሁ!» አሉ እናት። ማንም አልሰማቸውም። ከዚያ ሦስቱም ወደሳቸው ዞረው አንድ ቃል ተናገሩ፤ በዚያ ቀን የተስማሙበት ይህ ብቻ ነው። «እማዬ፣ አንቺ ፍረጂ።»

እስከ ሙት ዓመቱ ጊዜ ስጡኝ አሉ። በመሐሉ ልጆቹ ስልክ አልተደዋወሉም። ሰብለወንጌልም እዚያው ቤት ውስጥ ሆና ለእናቷ ከሰላምታ በላይ አታወራም። ሦስቱም በየተራ፣ ለየብቻ፣ ያንኑ አሏቸው፤ ለሌላው ከሰጠሽ ይህን ደጃፍ አልረግጥም።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ቀሳውስቱ ጸልየው፣ እንግዳው በልቶ ሄደ። ልጆቹ በሦስት ጥግ ተቀምጠዋል፤ ከአንድ ትሪ አልቆረሱም። ሣጥኑ መሐል ጠረጴዛ ላይ፣ አሥራ ስምንት ካሴት ከጎኑ። ሁለት ዓመት ሙሉ ባልና ሚስት የተጨቃጨቁት ያ ሁሉ ወሬ እዚያ ውስጥ ነው፤ የወሰደ ያንንም ይወስደዋል። ወይዘሮ ጥሩአየር ከወንበራቸው ተነሡ።

አሁን ከእናንተ መሐል ሣጥኑን ሰብረው ይገላገሉ የሚል ይኖራል። አውቃችኋለሁ፣ ይህ ማምለጫ ነው፣ አይፈቀድም። በየተራ ይውሰዱት የሚልም አይጠፋም፤ ሟቹ ላስነሣው እንጂ ላስነሡት አላሉም። እናትዮዋ ደግሞ የሟች ቃል አያጥፉም፣ እንኳን በዚህ ዕድሜ። ከሦስቱ ለአንዱ ሲሰጡ ሁለቱን ያጣሉ፣ ይህን እያወቁ ነው የተነሡት።

በሉ እንግዲህ። ደብተሯን ይዛ በሽታውን ያገኘችው፣ እንጀራውን ነቅሎ የሰጠው፣ አትንካ የተባለውን በገዛ እጁ ጠምጥሞ ያስነሣው፤ እናንተ በወይዘሮ ጥሩአየር ቦታ ብትቆሙ፣ የጉልላት ልጅ ማንኛቸው ነው ትላላችሁ?