ፍርሃቱ ሳይለቀው የገባው ወጌሻ

አንድ ወጌሻ ነበረ። የሚኖረው እንደዚህችው ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ ነው። ስሙን አልነግርህም፤ ታሪኩን ግን ለሚጠቅመው ሰው እንድናገር ራሱ ፈቅዶልኛል።

ልጄ አድማሱ፥ አንተ የጠየቅኸኝ ይህን ነው። «መጠጥ ለመተው ቆርጫለሁ። የተዉ ሰዎች ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ቦታ እንዳለም ሰምቻለሁ። ግን እዚያ ሰው ፊት መቀመጡን ፈራሁ። ፍርሃቴ እስኪለቀኝ ብቆይ ምን አለበት?» ምክር ልሰጥህ እችል ነበር፤ ምክር ግን ሰምተህ ሰምተህ ጠግበሃል። ይልቅ የዚህን ሰው ነገር ስማኝ።

ወጌሻው እጀ መልካም ነበረ። የወለቀ ትከሻ የሚመልሰው፥ የተሰበረ እግር በቀርከሃ ስንጥር አስሮ የሚያቆመው እሱ ነው። ከሩቅ ገጠር ሳይቀር በቃሬዛ ተሸክመው ያመጡለት ነበር። የዳነ ሰው ደግሞ ለምስጋና ባዶ እጁን አይመጣም። አንዱ አረቄ በጠርሙስ፥ ሌላው ጠላ በገንቦ ይዞ ይመጣል። እምቢ ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ ማታ ማታ ይቀምስ ነበር። ኋላ ጠዋት ሲነሣ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መንቀጥቀጡን የሚያቆምለትም ያው አረቄ ሆነ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ መለኪያ፤ ቆይቶ ሁለት፤ ቆይቶ መቁጠሩን ተወው። ሽታውን ለመደበቅ ቅርንፉድ ያኝካል። ሰው ያላወቀበት ይመስለዋል።

አንድ ቀን አንድ ሸማኔ የቤቱን ክዳን ሲጠግን ወድቆ ክንዱን ተሰብሮ መጣ። ወጌሻው ያን ዕለት ከወትሮው አብዝቶ ነበር። ክንዱን ዳሰሰው፤ ጣቶቹ ግን ደንዝዘዋል፤ አጥንቱ የት ላይ እንደተላቀቀ በቅጡ አልለዩለትም። እንዲያው በግምት ገጥሞ አሰረውና «አርባ ቀን እንዳታንቀሳቅሰው» ብሎ ሰደደው። ቀኑ ደርሶ ሲፈታው ክንዱ ተጣሞ ገጥሟል። ወጌሻው ምክንያቱን ወዲያው አወቀ። ምንም አልተናገረም። ሸማኔው «እንግዲህ እግዜር ያለው ነው» አለና አመስግኖ ሄደ። በጠማማ ክንድ መወርወሪያ አይወረወርም። ሸማኔው ሥራውን ተወ። ወጌሻውም ከዚያ ወዲህ በሸማኔው ሰፈር ማለፍ ትቶ በወንዙ በኩል መዞር ጀመረ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት እናት ክንዱ የወለቀ ሕፃን አቅፋ መጣች። ወጌሻው ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ እጁን አየችው። ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ከዚያ ልጇን ወደ ደረቷ መለሰችና፥

«ጋሼ፥ ዛሬ ደክሞዎታል መሰለኝ። ሌላ ቀን እመለሳለሁ» አለችው።

አልተሳደበችም፤ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። እንደማትመለስ ግን ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ ከሄደች በኋላ ወጌሻው ደጁ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ያስብ ነበር፤ «ብትሰጠኝ ኖሮስ?» የዚያኑ ዕለት ቤት ውስጥ ያለውን አረቄ ሁሉ አውጥቶ ደፋው። ለሚስቱም «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» አላት።

መቁረጡንስ ቆረጠ፤ ነገር ግን ብቻውን ነው የቆረጠው። በማግስቱ ላብ አጠመቀው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግድግዳው ላይ የሌለ ጉንዳን ሲሄድ አየ፤ ከዚያም ራሱን ስቶ ተንፈራገጠ። ሚስቱ ጮኻ ጎረቤት ጠርታ ጤና ጣቢያ አደረሱት። ነርሷ መድኃኒት ሰጥታ ሳምንት አስተኛችው። ሲሻለው፥ «ብዙ የጠጣ ሰው ያለ ሐኪም እንዲህ በአንድ ጊዜ ካቆመ ሊሞት ይችላል። ሁለተኛ ብቻዎን እንዳይሞክሩት» አለችው። ቀጥላም፥ «ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት በዚሁ ግቢ የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ። የተዉም፥ ለመተው የሚታገሉም ናቸው። ይምጡ» አለችው።

«የማውቀው ሰው ይኖር ይሆን?»

«ይኖራል እንጂ! ከተማዋ ይህችው ናት።»

ይህን ሲሰማ ጉንዳኑን ካየበት ቀን ይልቅ ፈራ።

እስከ ቅዳሜ እህል በአፉ አልዞረም። የሚፈራውን እያንዳንዱን ነገር ነግሮኛል። ሰው አይቶት «ወጌሻው ሰካራም ነው» ተብሎ እንጀራው እንዳይዘጋ ይፈራል። እንዲናገር ቢጠይቁትና አንደበቱ ቢከፈት የሸማኔው ነገር አብሮ እንዳይወጣ ይፈራል። ባይሄድ ደግሞ ወደ አረቄ ቤት እንደሚሄድ ያውቃል፤ እሱንም ይፈራል።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከጤና ጣቢያው በር ደርሶ አለፈው። ተመልሶ መጥቶ እንደገና አለፈው። በሦስተኛው ጊዜ ዘበኛው «ማን ታሞብዎት ነው ጋሼ?» ብሎ ጠየቀው። ወጌሻው የሚዋሸው ነገር ፈልጎ አጣ።

«እኔ ነኝ የታመምኩት» አለ።

ዘበኛው በሩን ከፈተለት።

የሚሰበሰቡት ሕፃናት በሚከተቡበት ክፍል ውስጥ ነው። የሕፃናት ሚዛን ጥግ ላይ ተሰቅሏል፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተደርድሯል። ሰባት ሰዎች ነበሩ። ጡረታ የወጣ ጸሐፊ አለ፤ ጠላ ትነግድ የነበረች አንዲት ሴት አለች። ወጌሻው ከበሩ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል ጀርባውን ሰጥቶት የነበረ አንድ ሰው ዞር አለ። ከፊቱ በፊት ክንዱን ለየው። ሸማኔው ነው።

«ውይ፥ ጋሼ! እርስዎም?» አለ ሸማኔው። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሳመው። ጠጋ ብሎም ቦታ ለቀቀለትና «ይምጡ፥ እኔ ዘንድ ይቀመጡ። መጀመሪያ ቀን እኔም እንደርስዎ ስንቀጠቀጥ ነበር» አለው።

ወጌሻው ተቀመጠ። ጠማማው ክንድ ጎኑን ይነካዋል።

ተራ በተራ ተናገሩ። ተራው ለሸማኔው ሲደርስ እንዲህ አለ፤ «እኔ ስመጣ ይህ አምስተኛ ሳምንቴ ነው። ድሮም እቀምስ ነበር፤ የለየልኝ ግን ሥራ ከፈታሁ ወዲህ ነው። ጋሼ እዚህ አሉ፤ ምስክሬ ናቸው። ክንዴን በደንብ አስረውልኝ ነበር፤ እንዳላንቀሳቅሰውም አስጠንቅቀውኛል። በእንቅልፌ አንቀሳቅሼው መሆን አለበት። ሚስቴ ‘በገዛ እጅህ ነው ቤታችንን ያፈረስኸው’ ትለኛለች። እውነቷን ነው። ይህን ሳስብ ነው የምጠጣው።» ከዚያ ወደ ወጌሻው ዞረ። «አይደለም እንዴ ጋሼ? አንቀሳቅሼው ነው አይደል?»

ሰዉ ሁሉ ወጌሻውን አየ።

ልጄ፥ እዚህ ላይ ልብ በል። ያ ሰው «አዎ» ቢል ያመልጥ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ማንም አያውቅም፤ የሚጠረጥርም የለም። ኋላ ሲነግረኝ፥ «ከዚያ በር ሮጬ ብወጣ አረቄ ቤቱ የት እንዳለ እግሬ ራሱ ያውቀዋል» ብሎኛል። ፍርሃቱ አልቀነሰለትም። ይልቁንም እየጨመረ ሳለ ነው አፉን የከፈተው።

«አይደለም» አለ። «አንተ አላንቀሳቀስኸውም።»

«እንዴት?»

«ያን ቀን ጠጥቼ ነበር። ጣቶቼ ስብራቱን አላገኙትም። ስፈታው አወቅሁ። አውቄ ሁለት ዓመት ዝም አልሁህ።»

ሸማኔው ክንዱን አየ፤ ከዚያ ወጌሻውን አየ። ሊመታው መስሎት ወጌሻው ዐይኑን ጨፈነ። አልመታውም። ጋቢውን አንሥቶ ወጣ፤ በሩንም አልዘጋውም።

ወጌሻውም ሊወጣ ተነሣ። ያኔ ጠላ ትነግድ የነበረችው ሴት እጀ ጠባቡን ጨብጣ ያዘችው።

«ይቀመጡ» አለችው። «አሁን ከዚህ ቢወጡ የሚሄዱበትን ቤት እኔም አውቀዋለሁ።»

ተቀመጠ። ስብሰባው እስኪያልቅ አለቀሰ። ማንም ዝም በል አላለውም።

የሚቀጥለው ሳምንት ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። የሸማኔው ወንድሞች ዱላ ይዘው ይመጣሉ ብሎ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። ከሁሉ ይልቅ ግን ሸማኔው ጠጥቶ ገደል ይገባል ብሎ ፈራ። ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ቀጥሎም ወደ እኔ መጣ፤ ሽማግሌ ሆኜ እንድሄድለት ለመነኝ። ይህን ታሪክ ያወቅሁት እንዲህ ነው።

ሁለት ሽማግሌዎች ሆነን ሄድን። ሸማኔው በእርግጥም ያን ቅዳሜ ጠጥቶ ነበር፤ ከማግስቱ ወዲህ ግን አልቀመሰም። እስክንጨርስ ሰማንና፥ «ስለ ይቅርታ አሁን አትጠይቁኝ፤ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገሩልኝ። ያን ቃል እዚህ መጥቶ ለሚስቴ ይድገመው» አለ።

ወጌሻው ሄደ። ባልና ሚስቱ ፊት ቆሞ ደገመው። ሴትዮዋ ወደ ባሏ ዞራ፥ «ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰድብህ ዝም ያልኸኝ ለምንድን ነው?» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቅዳሜ ደረሰ። ወጌሻው ሲገባ ሸማኔው ቀድሞ ተቀምጧል። «የመጣሁት ለራሴ ነው» አለው። ወጌሻው «እኔም» አለና ከወዲያኛው ወንበር ተቀመጠ።

ዕርቁ የወረደው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። ክንዱ አልተቃናም። ሸማኔው ዛሬ የጓደኞቹን ሸማ ገበያ እየወሰደ ይሸጣል፤ ከቤቱም ስድብ ወጥቷል። ወጌሻው ወለምታ ያሻል እንጂ ስብራት አይነካም፤ ስብራት ሲመጣለት «ሆስፒታል ሂዱ» ይላል፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀውንም አይዋሽም። መጀመሪያው ዓመት ላይ አንዴ፥ በፋሲካ፥ ወደ መጠጡ ተመልሶ ወድቋል። በተከታዩ ቅዳሜ ሄዶ መውደቁን ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ሳይቀምስ አራት ዓመቱ ነው።

አሁን ወዳንተ ልመለስ፥ ልጄ አድማሱ። ፍርሃቴ ሲለቀኝ ልሂድ አልኸኝ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው «ሕመሙ ሲተወኝ እታሰራለሁ» ቢል ምን ትለዋለህ? ሕመሙ የሚተወው እኮ አጥንቱ ሳይታሰር ተጣሞ ከገጠመ በኋላ ነው። አንተም እዚያ ሳትሄድ ፍርሃትህ የለቀቀህ ቀን፥ ያን ቀን ድነሃል አልልህም፤ መጠጡን ለምደኸው መፍራቱንም ትተኸዋል እላለሁ። እጅህን ስትዘረጋላት ልጇን ወደ ደረቷ የምትመልስ እናት ባየህ ጊዜ እንኳ የማትደነግጥ ሰው ትሆናለህ። እኔ የምፈራልህ እሱን ነው።

እዚያ የምታፍረው ሰው አይኖርም ብዬ አላታልልህም። ሊኖር ይችላል። የበደልኸውም ሊሆን ይችላል፤ ቦታ ለቅቆ አጠገቤ ተቀመጥ ይልህም ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከዱላ ይከብዳል። ወጌሻው የገባው ደፋር ስለሆነ አይደለም። በሩን ሁለቴ ያለፈ ሰው ነው። አንተም እለፈው፤ ከፈለግህ ሦስቴ እለፈው። ብቻ ወደ ቤትህ አትመለስ። እየፈራህም ግባ።