በቀቀንና የአያ ኤሊ የመሣሪያ ቤት

ኑ፣ ጠጋ በሉ። እናንተ ኮድ ለሚጽፍላችሁ የኮምፒውተር ረዳት መሣሪያ የሚያቀብል ሰርቨር ስትተክሉ የዋላችሁ ልጆች፣ ኮምፒውተሩን ለጊዜው ተዉትና ስሙኝ። ረዳታችሁ እስከ ትናንት አፍ እንጂ እጅ አልነበረውም፤ ዛሬ እጅ ሰጣችሁት። እጅ ስለ መስጠት አንድ ተረት አለኝ። እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ፤ ውሸት ካለበት ውሸቱ የእንስሳቱ ነው።

እንስሳት ሁሉ ጎረቤት በነበሩበት ዘመን አንድ በቀቀን ነበር። የሰማውን አይረሳም። ጎጆ እንዴት እንደሚቀለስ ቢጠይቁት ይናገራል፤ ጎታ እንዴት እንደሚለሰን ቢጠይቁት ይናገራል፤ ያልጠየቁትንም ይናገራል። አንዲት ማገር ግን አንስቶ አያውቅም። በምን ያንሳት?

በዚያው መንደር እመት ሽኮኮ የምትባል እናት ነበረች። አዲስ ጎጆ ቀልሳ ግልገሎቿን ወልዳበታለች። ጎጆው ግን በምሰሶው በኩል ያፈሳል። ክረምቱ ደርሷል፤ ውሃው ገና ባልጠኑት ልጆቿ ላይ ከወረደ ብርዱ ይጨርሳቸዋል። ጭንቀቷ ይህ ነበር። በቀቀንን ብትጠይቀው መፍትሔውን ከነዝርዝሩ ነገራት፤ የሚሠራው ግን ጠፋ።

መንደሩ መከረ። አያ ኤሊ የመሣሪያ ቤት ይሥራ፤ በቀቀን ዛፉ ላይ ሆኖ የመሣሪያውን ስም ይጥራ፤ አያ ኤሊ በሩን ይክፈት፤ መሣሪያውም ወጥቶ የታዘዘውን ይሥራ ተባለ። አያ ኤሊ ቀስ ብሎ፣ አሳምሮ ሠራው። በቀቀን መሣሪያዎቹን ስለማያውቃቸው፣ እያንዳንዱ በሩ ላይ ቆሞ ሥራውን እንዲናገር አያ ኤሊ አዘዘ።

ማጭድ ቀረበችና ሣር አጭዳለሁ አለች። ገመድ ቀረበና የተፈታ አስራለሁ አለ። መጥረቢያ ግን የጀግና ዘር ነው፤ እንደ ማጭድ መናገር አነሰበትና ወደፊት ወደኋላ እያለ ፎከረ።

«ዘራፍ! የቆመ ጣይ! ከፊቱ የቆመ የማይተርፈው!»

መንደሩ እልል አለ። አያ ኤሊ የማይጥለው ነገር እንዳለ ሊጠይቀው ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ፎካሪን በፉከራው መሃል «እስከ የት ነህ?» ማለት ነውር ነውና ተወው። በቀቀንም ፉከራውን ቃል በቃል ያዘው፤ ለእሱ ፉከራም እንደ ማጭድ ቃል የሥራ መግለጫ ነበር።

ሥራው ተጀመረ። በቀቀን ማጭድን ጠራ። አያ ኤሊ ወደ እመት ሽኮኮ ዞሮ፣ ማጭድ ልትወጣ ነው፣ ልክፈት ወይ? አለ። ክፈት አለችው፤ ሣሩ ታጨደ። በቀቀን ገመድን ጠራ። አያ ኤሊ አሁንም ጠየቀ። ልጆቿን ከጡቷ ነጥላ ወጥታ ክፈት አለችው፤ ሣሩ ታሰረ። ደመናው ጠቆረ። ሦስተኛው መሣሪያ ሊጠራ ሲል፣ አያ ኤሊ አንገቱን ገና ብቅ ከማድረጉ እመት ሽኮኮ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አያ ኤሊ፣ ልክፈት ወይ፣ ልክፈት ወይ እያልክ ዝናቡን ልታመጣብኝ ነው? በቀቀን ካንተም ከኔም ያውቃል። በሩን ወለል አድርገህ ተወው።»

«ኋላ እንዳትወቅሺኝ» አለና አያ ኤሊ በሩን ከፍቶ ቅርፊቱ ውስጥ ገባ።

በቀቀን ጎጆውን እያየ አሰበ። ውሃው የሚወርደው ምሰሶውን ይዞ ነው። ምሰሶው ከሌለ ውሃው መውረጃ የለውም። ምሰሶው ደግሞ ቆሟል፤ የቆመ የሚጥልም አለ። መጥረቢያን ጠራ። መጥረቢያ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ለፎካሪ ጠላት ማሳየት ይበቃዋል። እመት ሽኮኮ የምሰሶውን ጩኸት ሰምታ ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ እያነሳች አወጣች። የመጨረሻዋን ይዛ ስትወጣ ጎጆው ከኋላዋ ተደረመሰ።

በቀቀን ከዛፉ ላይ በደስታ ተናገረ።

«ሥራው ተጠናቋል፣ እመት ሽኮኮ። ከእንግዲህ ጣሪያሽ አያፈስም።»

እውነቱን ነው፤ ጣሪያ የለም። ጎጆዬን አፈረስከው ብላ ብታለቅስ፣ ትክክል ነሽ፣ ግሩም አስተውለሻል አላት። ዝናቡም ጣለ።

ልጆቿን ይዛ መሣሪያ ቤቱ ገባች፤ ደረታቸውን እየላሰች፣ በራሷ እየተናደደች። በቀቀን ከውጭ የተሻለ ጎጆ እንደሚሠራላት እየነገራት ነበር፤ ለአዲስ ምሰሶ ብሎም መጥረቢያን ጠራ። እመት ሽኮኮ በሩ ላይ ቆመች።

«ቆይ። የቱን ዛፍ ነው የሚቆርጠው?»

በቀቀን መልስ ነበረው፤ መቼ አጥቶ ያውቃል። እሱ ራሱ ያረፈበትን ዛፍ ነገራት። እመት ሽኮኮ ከነዛፉ ይውደቅ ብላ መጥረቢያን ልታሳልፈው ምንም አልቀራትም ነበር፤ ግን በሩን ዘጋችው።

እኔ ተረቴን አራገፍኩ፤ እናንተ ይህን ያዙ፦ ጠያቂ የሰለቸው በዝናብ ያድራል።