ዱካቸው ማሳ ላይ የቀረ ሽማግሌ

አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባ ጓንጉል ይባላሉ። በአገራቸው ሁለት ጎረቤት በድንበር ሲጣላ እውነቱን ያውቃል የተባለ ሽማግሌ ጫማውን ያወልቅና በባዶ እግሩ ወሰኑን ይሄዳል። እሱ የረገጠው ድንበር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አፉን አይከፍትም። አባ ጓንጉል የብዙ ሰው ድንበር ረግጠዋል፤ ስተው አያውቁም።

ታዲያ የእህታቸው ልጅ ዋለልኝ፣ ትሁኔ ከምትባል ባሏ ከሞተባት ጎረቤቱ ጋር ተጣላ። በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እያለ፣ በመሐላቸው የነበረውን ሣር የበቀለበትን ወሰን አርሶ ጨረሰው። ይባስ ብሎ የማሳዋ እኩሌታ የእኔ ነው አለ። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት አጎቱን ለብቻቸው ያዛቸው።

«አጎቴ፣ ልጅ የለዎት። ነገ ሲሞቱ ማነው የሚቀብርዎ? ትሁኔ ናት?»

አባ ጓንጉል በማግስቱ ሰው በተሰበሰበበት ጫማቸውን አውልቀው በትሁኔ ማሳ መሐል ለመሐል ሄዱ። ትሁኔ አላለቀሰችም። «አባ፣ የረገጡትን እርስዎ ያውቃሉ» አለችና ልጆቿን ይዛ ገባች።

ያን ዕለት አባ ጓንጉል ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እግራቸው አልነሳ አላቸው። እየተጎተተ ይከተላቸዋል እንጂ እንደ ድሮው አይራመድም። ወጌሻ አሻቸው፤ ስብራት የለም፣ ወለምታም የለም። ጠበል ገቡ፤ አልተሻላቸውም። የመንደሩ ሰው «እርጅና ነው» ብሎ ተወው። የሚያስፈራው ሌላ ነበር። እግራቸው መሬቱን ሲፍቅ ድምፁ ይሰማል፤ ከኋላቸው ያለው አቧራ ግን እንደነበረ ነው፤ ዱካ የለበትም። ይህን ካዩ በኋላ አባ ጓንጉል ከቤት መውጣት ተዉ።

ዓመት ዞሮ ክረምት ገባ። አንድ ማለዳ ትሁኔ ደጃቸው ላይ ቆመች። በጣም ከስታለች።

«አባ፣ ጠዋት ጠዋት ማሳው ላይ ምን ይሠራሉ?»

«እኔ? እኔ እኮ ከዚህች ደጅ አልፌ አላውቅም።»

«ዱካዎን አይቻለሁ። ትንሿ ጣት የለችበትም።»

የግራ እግራቸውን ትንሽ ጣት በልጅነታቸው ምሳር ቆርጦታል፤ ይህን አገር ያውቃል።

«የት ነው ያየሽው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ድሮ ወሰኑ በነበረበት። መሄጃ እንጂ መመለሻ የለውም። ዝናብ ይወርድበታል፣ አይጠፋም። ዋለልኝ ያርሰዋል፣ ሲነጋ ተመልሶ አለ። በሬዎቹም እዚያ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ይቆማሉ።»

አባ ጓንጉል እግራቸው ለምን እንደከዳቸው ያን ጊዜ ገባቸው። እሳቸው መርገጥ የነበረባቸውን እየረገጠ፣ እዚያው ቆሞ ሲጠብቃቸው ነው የከረመው።

አባ ጓንጉል ስለጠየቁ ሽማግሌ እንደገና ተቀመጠ። ዋለልኝ ደሙ ፈላ። «አጎቴ ጃጅተዋል! ዛሬ ይህን ቢያደርጉ ሬሳዎን አላነሳም!»

«አታንሳው» አሉት። ጫማቸውን አወለቁና ግራ እግራቸውን ጭቃው ላይ ባለው ዱካ አሳረፉ። ልክክ አለ። ቀኛቸውንም አስከተሉ። ሰው ሁሉ እያያቸው የድሮውን ወሰን እስከ ጫፉ ሄዱት። ማሳው ለትሁኔ ተመለሰ።

ሲመለሱ ቀኝ እግራቸው ቀሎ ተነሣ፤ ጭቃው ላይም ምልክቱን ጣለ። ግራው ግን አሁንም ይጎተታል። ከኋላው ምንም የለም።

«ልጄ፣ መሬቱን መለስኩልሽ እኮ» አሉ አባ ጓንጉል። «ይሄኛው ምነው አልመለስ አለ?»

ትሁኔ እግራቸውን አየችው። «የምንበላው ስናጣ ትልቋን ልጄን ለመንገደኛ ነጋዴ ለሥራ ሰጠኋት። የት እንደደረሰች አላውቅም። እሷን ፍለጋ ሄዶ ይሆናል።»

አባ ጓንጉል እስኪሞቱ ድረስ በየገበያው እግራቸውን እየጎተቱ ያችን ልጅ ሲያፈላልጉ ኖሩ። አላገኟትም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እግሩን የሚጎትት ሁሉ በደለኛ ነው አላልኩም። ሕመም አለ፣ ድካም አለ፣ የሰፋ ጫማም አለ። ግን እውነቱን እያወቀ ሌላ ቦታ የረገጠ ሰው፣ ምን ያህል ርቆ ቢሄድ ከራሱ ቆርሶ ትቶ ነው የሚሄደው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ይጠራል። እስኪጠራ ድረስ የሚራበውስ ማነው? የዘገየ እውነት መሬት ይመልሳል፤ በመሐል የሄደችውን ልጅ ግን አይመልስም። ስለዚህ የምታውቁትን ዛሬውኑ ተናገሩ።

ነገ ከቤት ስትወጡም ጥቂት ሄድ በሉና ወደ ኋላ ዞራችሁ እዩ። ዱካችሁ አለ?